የክኒን ፖሊሱ ደም

ሶዶ ውስጥ ባዳቾን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ታሞ አያውቅም ወይ ከተማዋ የገባው ትናንት ነው። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ዘጠኙን ዓመት የፈጀው በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ሁለቴ ተቀይሮለታል ብትሉ፣ "ሦስቴ ነው" ብሎ ያርማችኋል። ማረም ይወዳል። የምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ የተገደፈ ፊደል ካየ ባለቤቱን ሳያስጠራ አያልፍም። ሰባኪው ከመድረክ ጥቅስ ሲያሳስት ከሦስተኛው ረድፍ "ምዕራፍ አራት" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ማን እንደሆነ ለማየት ዞር የሚል ሰው ግን ከቀረ ቆይቷል።

ከማረም አስበልጦ የሚወደው ነገር ቢኖር ሰውን ከክኒን ማራቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ አመሉን አውቃ እሁድ እሁድ ከማስታወቂያ በኋላ ሦስት ደቂቃ ትሰጠዋለች። ሦስቱን ደቂቃ ዘጠኝ ያደርጋቸዋል።

"ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዋጣችኋት እያንዳንዷ ፍሬ ጀርሙን ታስተምረዋለች" ይላል ጣቱን ቀስሮ። "እናንተ ትረሷታላችሁ፤ እሱ ግን አይረሳትም።"

ሕዝቡ "አሜን" ይላል። ካለም በኋላ በመንገዱ ያለው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ፣ ለጉሮሮውም ለወገቡም ያማረውን ገዝቶ ቤቱ ይገባል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ አንዲት ሴትዮ ለራስ ምታት ክኒን ልትውጥ ስትል ባዳቾ ሲመጣ አይታ ፍሬዋን ሥጋው ሥር ቀበረቻት ይባላል። "የክኒን ፖሊስ" የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። ስሙን ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለው ነበር።

ከክኒኖች ሁሉ አብዝቶ የሚጠምደው ደግሞ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ደካማ በሽተኛ፣ በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ወይም ሆዱ የተቀደደ ሰው፣ አልፎ አልፎ ደሙ ውስጥ እርሾ ይገባበታል። ሊጥ የሚያቦካው አይደለም፣ የዚያ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሳህን ላይ ሲያበቅሉት ግን ሽታው ቁርጥ ሊጥ ነው። ደም ውስጥ የገባ እርሾ ቀልድ አያውቅም፤ ካልቀደሙት ይገድላል። ሆስፒታሉ ደግሞ በቅርብ ያለው መድኃኒት ይኸው ከተማው በሙሉ ለእግሩ ጣትና ለብብቱ የሚውጠው ፍሉኮናዞል ነው። እርሾው ከለመደው፣ ወይም ከመጀመሪያውም የማይፈራው ዓይነት ከሆነ፣ ዋርዱ መድኃኒት የሰጠ እየመሰለው ውኃ ሲሰጥ ይሰነብታል።

የትኛው እርሾ የቱ እንደሆነ መለያው የባዳቾ ሙያ ነው፤ ዘዴውም ቀላል ነው። የሰው ደም ረግቶ ሲቀመጥ ከላይ ቢጫ ውኃ ይጠልላል፤ ሴረም ይሉታል። ከእርሾው ቆንጠር አድርጎ ሴረሙ ውስጥ ይጨምርና ሰውነት በሚሞቅበት ሙቀት ሁለት ሰዓት ተኩል ያቆየዋል። የተለመደው ዓይነት ከሆነ ጭራ ያወጣል፤ ይኼኛው አብዛኛውን ጊዜ ለፍሉኮናዞል ይታዘዛል። ጭራ ካላወጣ ከሌሎቹ ነው፤ እልኸኞቹ የሚበዙት እዚያ ነው። ከጎኑ ሁልጊዜ ሁለተኛ ቲዩብ ያስቀምጣል፤ በውስጡ ጭራ ማውጣቷ የታወቀ፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀልባት እርሾ አለች። "ምስክሬ" ይላታል። እሷ ጭራ ካላወጣች ፈተናው ዋጋ የለውም። ሴረም የሚገዛበት በጀት ኖሮ ስለማያውቅም፣ ባዳቾ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት የተጠቀመው በራሱ ደም ነው። በሁለት በሦስት ወር አንዴ ክንዱን ይወጋና ቀድቶ በረዶ ውስጥ ያስቀምጣል። በዚህም ይኩራራል።

ታዲያ ባለፈው በልግ የባዳቾ የቀኝ እግር አውራ ጣት ጥፍር ጠቆረ።

ጠቆረ ብቻ አይደለም፣ ወፍሮ ካልሲ ይቀድ ጀመር። እሱ ለሌላው ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ጥፍሩ ተፍቆ ይመርመር። ችግሩ ሐኪሙ የሚልከው ወደ ላቦራቶሪ ነው፣ የላቦራቶሪው ሰው ደግሞ እሱው ራሱ ነው። እሱ ፈረቃ በማይገባበት ቀን ቢሄድ የላቦራቶሪ ባልደረባው ይስሐቅ ያየዋል፤ ይስሐቅ ካየ ከተማው አየ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ለባለቤቱ ለአስካለች "አረካ ዘመድ ታሟል፣ ጠይቄ ልምጣ" ብሏት ሚኒባስ ተሳፈረ። ሶዶ ውስጥ እሱን የማያውቅ መድኃኒት ቤት ስለሌለ ነው እዚያ ድረስ የሄደው።

ባንኮኒው ላይ የነበረችው ልጅ ማዘዣ አልጠየቀችውም። "ስንት ፍሬ?" ብቻ አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ግማሽ ቀን የሚያስተምርበት ጉድ ነበር። ያን ቀን "ሃያ" አለና ዓይኗን ሳያይ ወጣ። መጠኑን ለራሱ አዝዞ በየሁለት ቀኑ አንዳንድ ፍሬ ይውጥ ጀመር፤ ፓኬቱን የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ደበቀው።

የሚገርመው ፍሬው ካሰበው ቀድሞ አለቀ። "እርጅና መጣ፤ ውጬ እየረሳሁ እደግማለሁ" ብሎ ራሱን ታዘበና ተመልሶ አረካ ሄደ። በሦስተኛው ጉዞ አስካለች፣ "የአረካው ዘመድህ አሁንም አልተሻለውም?" አለችው።

"ደህና ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል" አላት። ስለ ጥፍሩ ከሆነ አልዋሸም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ላቦራቶሪው የሊጥ ሽታ ሸተተ። ሳህኑ ላይ የበቀለው እርሾ የመጣው ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። የደሙ ባለቤት ገና ስም ያልወጣላት፣ በሰባት ወሯ የተወለደች፣ ሁለት ኪሎ እንኳን የማትሞላ፣ ከቤሌ የመጣ ገበሬ ልጅ ነበረች። አልጋዋ ላይ "የሻንቆ ልጅ" ተብሎ ተለጥፏል። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ቤቴል ስልክ መደወል ትታ ራሷ ወረደች።

"ጋሽ ባዳቾ፣ የትኛው ዓይነት ነው? ፍሉኮናዞል ከጀመረች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ግን እየደከመች ነው። ጡት መሳብም አቁማለች።"

"ጭራውን ሳላይ አልናገርም፣ ዶክተር። ሁለት ሰዓት ተኩል ስጪኝ።"

ዶክተሯ የቸኮለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። እልኸኛውን እርሾ የሚገድል አምፎቴሪሲን የሚባል ብርቱ መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር፤ ግን አሥራ አራት ብልቃጥ ብቻ። የተቀመጠው ፈንገስ ጭንቅላታቸው ለገባባቸው በሽተኞች ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ከተከፈተ ደግሞ ለማግስቱ አይሆንም። ለሕፃኗ ሁሉም ሊያልቅ ነው። ኩላሊትም ይጎዳል። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ገብረአማኑኤል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

"ነገ ሌላ በሽተኛ ቢመጣ ባዶ እጄን ነው የምቀበለው" አላት። "ግን ባዳቾ 'የተለመደው ዓይነት አይደለም' ብሎ ከፈረመ አልጠይቅም፤ አሥራ አራቱንም ውሰጂ።"

በበረዶ የነበረው የድሮው ሴረም በዚያው ሳምንት አልቆ ነበር። ባዳቾ እንደ ልማዱ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱን ወጋ፤ ደሙ እስኪረጋ ጠበቀ፤ ሁለቱን ቲዩቦች አዘጋጀ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። የሕፃኗ እርሾ ጭራ የለውም። ወደ ምስክሩ ዞረ። ምስክሩም ጭራ የላትም።

መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አሳፍራው አታውቅም። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ቀስ ብሎ ከክንዱ ወደ ቀኝ ጫማው ወረደ። ትናንት ማታ አንድ ፍሬ ውጧል። ከዚያም በፊት ስንቱን። እርሾ ለማሳደግ ያቀረበው ሴረም የእርሾ መድኃኒት የተበጠበጠበት ነበር።

ሰውዬው እዚያው ላይ እውነቱን መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ለዶክተር ቤቴል ደውሎ "ሴረሙ ተበላሽቷል፣ በሌላ እደግመዋለሁ" አላት። ውሸት አይደለም፤ እንዴት እንደተበላሸ ነው ያልተነገረው። ከሥራ ባልደረቦቹ ደም ቢጠይቅ "የአንተስ ምን ሆነ?" ማለታቸው አይቀርም። ስድስት ሰዓት ላይ ግን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት የምታስተምረው አስካለች እንደ ሁልጊዜው ምሳውን ይዛ መጣች፤ የቦይና ሥር ቅቅል በዳጣ።

"ክንድሽን ስጪኝ" አላት ገና ሳትቀመጥ።

"ምሳ በልተህ አይሆንም?"

"አይሆንም። የታመመችው ሕፃን ናት።"

አስካለች ትንሽ አመነታች፤ ግን ሰጠችው። ደሟ ረጋ፣ ጠለለ፣ ፈተናው ከሰባት ሰዓት ጀመረ። ባዳቾ ምሳውን አልነካም። መሃል ላይ ዶክተር ቤቴል ሁለት ጊዜ ደወለች፤ በሁለተኛው የሕፃኗ ትንፋሽ መቆራረጡን ነገረችው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አየ። ምስክሩ አሁንም ጭራ የላትም።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ምስክሯ ሞታለች ማለት። እንዲህ ከሆነ ፈተናው ራሱ የለም፣ ፊርማም የለም፣ መድኃኒቱም አይወጣም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራበት ጠረጴዛ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተቀመጠ። ፈራ። አስካለች ትምህርት ቤት ለቅቃ የምሳ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ በዚያው ሁኔታ አገኘችው።

"ምን ሆንክ?"

"ያንቺም ደም እንደ እኔው ሆነ። እርሾዋ አላደገችበትም።"

አስካለች የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። "ያንተው ለምን አላደገችበትም?" አለች ቀስ ብላ።

ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። ጥፍሩን አሳያትና የአረካውን ዘመድ ታሪክ ነገራት። አስካለች አልተገረመችም። ጥፍሩንም በቅጡ አላየችው።

"ካልሲህን የማጥፈው እኔ ነኝ" አለችው። "መሳቢያው ውስጥ ሳገኘው... ባዳቾ እንኳን የሚውጠው ከሆነ ደህና ነገር ነው አልኩ። እኔም ለፎረፎሬ በየሁለት ቀኑ አንዳንድ እየወሰድኩ ነው።"

ባዳቾ አፉን ከፈተ። ስለ ፎረፎርና ስለ ፍሉኮናዞል የሚለው ብዙ ነበረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያርመው ሰው እንዲህ አመቺ ሆኖ ቀርቦለት አያውቅም። ባዶ እግሩን አየና አፉን መልሶ ዘጋ።

ካልሲውን በኪሱ እንደያዘ ዶክተር ቤቴል ጋ ወጣ። ገብረአማኑኤልም እዚያው ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ ጥፍሩን፣ አረካን፣ መሳቢያውን፣ የሚስቱን ደም። አንዱንም አላስቀረም።

ገብረአማኑኤል፣ "ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳሉ ማለት ይኼ ነው" አለ።

"አሁን የሚያስፈልገው" አለ ባዳቾ፣ "ይኼን ክኒን ያልዋጠ ሰው ደም ነው።"

ቀላል ነገር ይመስላል። ላቦራቶሪው ገብቶ ሲጠይቅ ይስሐቅ ጆሮውን አከከ፤ ባለፈው ሳምንት ለብብቱ ወስዷል። የጽዳት ሠራተኛዋ እታፈራሁ እጇ ውኃ ስለሚበላው ከጎረቤት ተበድራ ጀምራለች። ገብረአማኑኤል ሲጠየቅ ኮሪደሩን ማየት ጀመረና "እኔን ተዉኝ" አለ። እነዚህ ሁሉ ለዓመታት የባዳቾን ስብከት የሰሙ ሰዎች ናቸው። ማንም ግን ያን ቀን አላፈረም፤ የክኒን ፖሊሱ አንድ እግሩ ባዶውን ፊታቸው ቆሞ ማን ያፍራል?

የሕፃኗ አባት ሻንቆ ከጠዋት ጀምሮ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከዋርዱ መስኮት ሥር ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ባዳቾ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በወላይትኛ ጠየቀው፤ ክኒን ውጠህ ታውቃለህ?

"አንዴ ለወባ ሰጡኝ" አለ ሻንቆ። "መረረኝና ተፋሁት።"

ባዳቾ ሰው ክኒን ተፍቶ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ወደ ውስጥ አስገብቶ ክንዱን አሰረው። ሻንቆ ደሙ ወደ ቲዩቡ ሲወርድ በትኩረት አየ።

"ጨምር" አለ። "ለእሷ ከሆነ ሁሉንም ውሰደው።"

"ለእሷ የሚሰጥ አይደለም፤ መመርመሪያ ነው።"

"እሺ። ጨምር" አለ ሻንቆ።

ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ባዳቾ ለሦስተኛ ጊዜ አጎነበሰ። አስካለች ከኋላው ቆማለች፤ ዶክተር ቤቴልም በሩ ላይ። መጀመሪያ ምስክሯን አየ። ጭራዋን ዘርግታለች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ የሚታየው ሁሉ ጭራ ብቻ። ያቺን ትንሽ ነገር ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህንንም በኋላ አልካደም። ከዚያ የሕፃኗን አየ። ክብ፣ ለስላሳ፣ ጭራ የሚባል የሌለው እርሾ።

መልሱ ከጠዋቱ የተለየ አልነበረም ማለት ነው። ምስክር ስላልነበረው ግን ጠዋት ማንም ሊያምነው አይገባም ነበር፤ እሱም ራሱ። ወረቀቱን ጻፈ፣ ፈረመ። ገብረአማኑኤል ፊርማውን ሳያነብ የቀዝቃዛውን ክፍል ቁልፍ አወጣ። በማግስቱ መድኃኒቱን ለመፈተን በተዘጋጀ ሌላ ሳህን ላይ እርሾው ፍሉኮናዞል የተነከረ ክብ ወረቀት ጠርዝ ድረስ ያለ ፍርሃት በቅሎ ተገኘ። ሕፃኗ በአምስተኛው ቀን እናቷን ጡት ጠየቀች።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ባዳቾ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣ። ሕዝቡ ዘጠኝ ደቂቃ ሊቀመጥ ተመቻቸ። በምስክርነት ሰው የሚያወራው ጌታ ከምን እንዳወጣው ነው፤ ባዳቾ በዚህ ሰዓት ተነሥቶ አያውቅም ነበር። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ 'አትዋጡ' ስላችሁ የኖርኩትን ክኒን ዘንድሮ ራሴ ስውጥ ነበር" ብሎ ጀመረ። ጥፍሩ ጋ ሲደርስ ሳቁ ጣሪያውን ነካ፤ አረካ ጋ ሲደርስ አስካለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ከዚያም ተነሥታ ፎረፎሯን ራሷ ተናገረች። ሕፃኗ ጋ ሲደርስ ግን አንድም የሚስቅ አልነበረም። ሁሉንም በሁለት ደቂቃ ጨረሰ።

በር ላይ አንዲት አሮጊት ከመቀነታቸው ውስጥ የተጨማደደ ፓኬት አውጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። "ይኼስ ለምኑ ነው ልጄ? የልጅ ልጄ ነው የሰጠኝ" አሉት። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር፤ ከዚያም ኋላ ሌላ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስብከት አንድ ፍሬ እንኳን አምጥቶለት የማያውቀው ሕዝብ ያን ቀን የአስካለችን ቦርሳ ሞላው። ባዳቾ ማንንም ሳይቆጣ አንድ በአንድ እያየ፣ መቀጠል ያለበትን ቀጥል፣ ሐኪም የሚያስፈልገውን ሐኪም ጋ ሂድ እያለ ፀሐይ እስኪከር ቆመ።

ከአምስት ወር በኋላ ሻንቆ ልጁን ለክትትል ይዟት መጣ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ስምም ወጥቶላታል። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች መሃል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከፍ አድርጎ ያሳያቸው ነበር። ባዳቾ ውጤት ይዞ ከላቦራቶሪው ሲወጣ፣ እታፈራሁም መወልወያዋን ይዛ በዚያው ስታልፍ፣ ንግግሩን ሰሙት።

"ይቺ ልጅ የዳነችው በእኔ ደም ነው" ይል ነበር ሻንቆ። "ተበላሽቶ የነበረውን የእሷን ደም በእኔ አደሱት። ያ ሰውዬ ምስክሬ ነው፤ ጠይቁት።"

ሰዎቹ ሁሉ ወደ ባዳቾ ዞሩ። አንዲት የሻንቆ ደም ጠብታ ሕፃኗ ሰውነት ውስጥ አልገባችም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እታፈራሁ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እርማቱን ትጠብቅ ጀመር።

ባዳቾ ሕፃኗን አየ፤ እሷም ጣቷን አፏ ውስጥ ጨምራ አየችው።

"ልክ ነው" አለ።